መልስ፦ ቦናቬንቱራ መምህር የሆነው በ1254 ነው ወይስ በ1257?

አንዱ መጽሐፍዎ 1254፣ ሌላው 1257 ስለሚል ጠይቀዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። ፍራንቸስካዊው (የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኩሴ) ቦናቬንቱራ በ1254 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ የፍራንቸስካውያን ትምህርት ቤት ነገረ መለኮት ያስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከመምህራኑ ማኅበር የቆጠረው ግን በጥቅምት 1257፣ ከዶሚኒካዊው ቶማስ አክዊናስ ጋር ነው።

ያዘገየው ጠብ ነው። ጊዮም ዘሴንት አሙርን የመሰሉ ነባር መምህራን በምጽዋት የሚኖሩት ወንድሞች (የፍራንቸስካውያንና የዶሚኒካውያን መነኮሳት) የማስተማሪያ ወንበር እንዳይዙ አጥብቀው ታገሉ። ለእኔ ከሃይማኖት ክርክር ይልቅ የወንበር ሽሚያ ይመስለኛል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 4ኛ ግን ለወንድሞቹ ቆሙ።

እውቅናው ሲመጣ ቦናቬንቱራ ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የፍራንቸስካውያን ማኅበር ጠቅላይ አለቃ ሆኖ ተመርጧል። ስለዚህ «ማስተማር የጀመረው በ1257 ነው» ብለው እንዳይጽፉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የተማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ የቦናቬንቱራንና የቶማስን አሟሟት ማምታታት ነው። ሁለቱም ያረፉት በ1274 ነው። ቶማስ በፈረንሳይ ከተማ ሊዮን ወደሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሲጓዝ መጋቢት ላይ በፎሳኖቫ ገዳም፣ ቦናቬንቱራ ደግሞ ጉባኤው ሳይበተን ሐምሌ ላይ እዚያው ሊዮን።