ፍልውሃው ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጡ

ሰላም እህቴ። እናትሽ ለሩማቶይድ አርትራይተስ የሚወስዱትን ሜቶትሬክሴት አቁመው በፍልውሃና በባህል መድኃኒት ብቻ መታከም ይችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። እባክሽ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ ነው፤ ሙቀት ሥቃዩን ያስታግሳል እንጂ የመገጣጠሚያውን መበላት አይገታም።

ፍልውሃውን ግን አትከልክያቸው። ሶደሬም ሆነ ወንዶ ገነት ሄደው፣ ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ ጣቶቻቸውን ቀስ እያሉ ቢያጥፉና ቢዘረጉ የጠዋቱ መተሳሰር ላላ ይልላቸዋል። መገጣጠሚያቸው ቀልቶና አብጦ በሚያተኩስበት ሰሞን ሙቀቱ ይቅርና ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢላቸው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለባቸው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

እርድና ዝንጅብል በወጥና በሻይ ልክ ችግር የለውም። እኔን የሚያስፈራኝ ምንነቱ ሳይነገር በጠርሙስ የሚሸጠው ብጥብጥ ነው። ሜቶትሬክሴት ራሱ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ በየጊዜው የደም ምርመራ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ያልታወቀ ቅጠል ወይም አረቄ ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚጠጡትን ሁሉ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ክኒኑ ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ቀኑን አንቺው ተከታተዪላቸው፤ በስህተት በየቀኑ መውሰድ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።