ካሲኖው የተውኩትን ገንዘብ በላው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ለንደን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሌሊት ሥራ ላይ እያለሁ ጊዜ ማሳለፊያ ብዬ አንድ የኦንላይን ካሲኖ አካውንት ከፍቼ ነበር። ልጃችን ስትወለድ እርግፍ አድርጌ ተውኩት፣ አፑንም ከስልኬ አጠፋሁት። ያኔ 140 ፓውንድ ነበረኝ። ሰሞኑን እጅ ሲያጥረኝ ትዝ ብሎኝ ገብቼ ባየው የቀረው 45 ፓውንድ ነው። ዝርዝሩ ላይ ከአንድ ዓመት በኋላ ጀምሮ በየወሩ 5 ፓውንድ "እንቅስቃሴ ለሌለው አካውንት" እየተባለ ተቆርጧል። እንዲህ ማድረግ ይችላሉ? የቀረችውንስ ከሚበሏት ተጫውቼባት ልገላገል?
ዳ. ከለንደን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። እንዳትጫወትባት። ዛሬውኑ አውጣት። "ከሚበሉት ልጫወትበት" የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚመጣበት ነው፤ ካሲኖው ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በ45 ፓውንድ የጀመረ ሰው 45ቷ ስታልቅ ካርዱን ያወጣል።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። አፑን ማጥፋት አካውንቱን መዝጋት አይደለም። አንተ አፑን ከስልክህ ብታነሳም አካውንቱ እነሱ ዘንድ ክፍት ነው። ስትመዘገብ "ተስማምቻለሁ" ብለህ የተጫንከው ረጅም ውል ውስጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ ካልገባህ አካውንቱ "ኢንአክቲቭ" ወይም "ዶርማንት" ይባላል የሚል አንቀጽ አለ። ብዙ ጊዜ 12 ወር ነው፣ ከዚያ የሚያሳጥሩም አሉ። ከዚያ በየወሩ መቁረጥ ይጀምራሉ፣ ባላንሱ ዜሮ እስኪሆን።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ኢሜይልህን ክፈትና የካሲኖውን ስም ፈልግ። "ናፍቀኸናል፣ ፍሪ ስፒን አዘጋጅተንልሃል" የሚሉ መልእክቶች ሳታገኝ አትቀርም። "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 5 ፓውንድ ልንቆርጥብህ ነው፣ ገንዘብህን ውሰድ" የሚል አንድ መልእክትስ አለ? ከሌለ፣ አድራሻህን እያወቁ ዝም ብለውሃል ማለት ነው። ያቺን የፍሪ ስፒን ኢሜይል አትደምስሳት፣ ለአቤቱታህ ማስረጃ ትሆንሃለች።

ይችላሉ ወይ ላልከው፣ ብሪታንያ ውስጥ ክፍያው መኖሩ ብቻውን ሕገ ወጥ አያደርገውም። ግን ውል ላይ ስለጻፉት ብቻም አይጸናም። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ሸማቹን ያለአግባብ የሚጎዳ የውል አንቀጽ አያስርህም ይላል። የቁማር ተቆጣጣሪው፣ ጋምብሊንግ ኮሚሽን፣ ፈቃድ የሚሰጠውም ውላቸው ፍትሐዊና ግልጽ እንዲሆን እያስገደደ ነው። ስለዚህ ጥያቄህ ይህ ይሁን፦ ክፍያውን መቼና የት በግልጽ ነገራችሁኝ? ሳትቆርጡ በፊት አስጠነቀቃችሁኝ? ማንም ያልገባበትን አካውንት ማስቀመጥ በወር 5 ፓውንድ የሚያስወጣው ለምንድን ነው?

ምንም ከመጻፍህ በፊት የተቆረጠውን ዝርዝር አንድም ወር ሳይቀር ስክሪንሾት አንሳ። ከዚያ 45ቷን አውጣ። መታወቂያና የአድራሻ ማረጋገጫ ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ግንቦት በፊት የተከፈተ አካውንት ከሆነ በተለይ፤ ማንነትን ገና ከመጫወቱ በፊት ማጣራት ግዴታ የሆነው ያኔ ነውና። ገንዘቡን የሚመልሱት ብዙውን ጊዜ ባስገባህበት ካርድ ነው። ካርዱ ጊዜው አልፎ ከሆነ ሳይልኩት በፊት ንገራቸው፣ አለዚያ ገንዘቡ መሀል ላይ ይንከራተታል።

አቤቱታህን በላይቭ ቻት አታቅርብ። ቻት ላይ አንዱ ይቅርታ ይልሃል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ መጨረሻ ላይ የሚያዝ ነገር አይኖርህም። በኢሜይል ጻፍ፣ "ይህ መደበኛ አቤቱታ ነው" ብለህ ጀምር። እዚያው ላይ ስለ አንተ የያዙትን መረጃ ሁሉ፣ የላኩልህን ኢሜይል ጨምሮ፣ እንዲሰጡህ ጠይቅ። በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት በነፃ፣ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለባቸው። "አሳውቀንህ ነበር" ካሉ የት እንዳለ ያሳያሉ።

በስምንት ሳምንት ካልተስማማችሁ ጉዳዩን ወደ ገለልተኛ ዳኛ መውሰድ ትችላለህ፣ ለአንተ በነፃ ነው። የትኛው እንደሆነ የካሲኖው ውል ላይ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት አይባስ የሚባለውን ነው። መሀል ላይ "በቦነስ እንካስህ" ቢሉህ እሺ እንዳትል። ቦነስ ተደጋግሞ ካልተጫወቱበት የማይወጣ ገንዘብ ነው። የወሰዱት ጥሬ ገንዘብ፣ የሚመልሱትም ጥሬ ገንዘብ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የብሪታንያ ፈቃድ ካላቸው ነው። የገጹ ግርጌ ላይ የፈቃድ ቁጥር ይኖራል፣ በጋምብሊንግ ኮሚሽን የሕዝብ መዝገብ ላይ አመሳክረው። ከሌለ የሚያስገድድልህ አካል የለም። በተለይ "ገንዘብህን ለማውጣት መጀመሪያ ይህን ያህል አስገባ" ካሉህ ሌብነት ነውና 45ቷን ትተህ ውጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅር አይበልህ። እጅ ሲያጥርህ ካሲኖው ትዝ ማለቱ አሳስቦኛል። ገንዘቡን ስታወጣ አካውንቱ እንዲዘጋ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ከዚያ ጋምስቶፕ ላይ ተመዝገብ። አንዴ ስትመዘገብ ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ቁማር ቤቶች ሁሉ ይዘጉብሃል፣ ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት፤ ምርጫው የአንተ ነው። ብዙ ሰው "ራሴን ካገድኩ ገንዘቤ ይቀራል" ብሎ ይፈራል። አይቀርም፣ ራሱን ላገደ ደንበኛ ካሲኖው የቀረውን ባላንስ የመመለስ ግዴታ አለበት። ማውራት ካሰኘህ የቁማር ችግር የእርዳታ መስመሩ 0808 8020 133 ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው፣ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ኒው ጀርሲ ነው ያለሁት። ልጄ በስልኩ ካሲኖ እየተጫወተ ብዙ አጠፋ፣ አሁን ከተወው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በቀደም እዚያ ውስጥ 300 ዶላር ገደማ ቀርቶ እንደነበር ነገረኝ። ገብቶ ያውጣው ወይ?
ብ. ከኒው ጀርሲ

መልስ፦ እናታችን፣ አይግባ። ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተገባበት አካውንት ዶርማንት ይባላል፣ በውስጡ የቀረው ገንዘብም ግማሹ ለካሲኖው፣ ግማሹ ለግዛቱ ፈንድ ይሆናል። ከእንግሊዙ የባሰ ነው፣ ግን ሕጉ እንዲህ ነው። የልጅዎ ገንዘብ የለም ብለው ይቁረጡ።

ልቤ አላረፈም ካሉ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው ለደንበኞች አገልግሎት በኢሜይል ይጠይቅ። ፓስዎርድ አያስገባ፣ አፑንም መልሶ አይጫን። 300 ዶላር ፍለጋ ገብቶ የሚያየው የስሎቱን መብራትና "እንኳን ደህና ተመለስክ" የሚል ቦነስ ነው፣ ዓመት ከመንፈቅ የታገለው ደግሞ ከዚያ ለመራቅ ነው።

እስካሁን ካላደረገው፣ በግዛቱ የቁማር ተቆጣጣሪ በኩል ራሱን ለአንድ ወይም ለአምስት ዓመት ማገድ ይችላል። መፈረም ያለበት እሱ ራሱ ነው፣ እርስዎ ሊፈርሙለት አይችሉም። 1-800-ጋምብለር የሚባለው የእርዳታ ስልክ ግን ለእናትም ለእህትም ይመልሳል፣ እርስዎም ይደውሉ።