ይቅርታና ሠርግ በአንድ ቀን አይቆረጡም

ልጆቼ፣

ከኮምቦልቻ አንዲት ልጅ «ይቅር ካልኩት ማግባት ግዴታዬ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከቤሩት ስትልክለት የኖረችውን ገንዘብ በልቶ፣ ሌላ ሴት ይዞ የጠፋ እጮኛዋ ንስሐ ገብቻለሁ ብሎ ተመልሷል። ግዴታ የለብሽም። መልሱ ይኸው ነው፤ ግን ጥያቄው ደሴ ውስጥ የተደረገ አንድ እርቅ አስታወሰኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያኛውም ጉዳይ ይኸው ነበር። ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ሽማግሌዎቹ፣ እንደ ወሎ ደንብ ከቄሱ ጎን አንድ ሼህም ነበሩ፣ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ልጅቷ ፊቱን አላየችም፤ ዐይኗ ድንጋዩ ላይ ነበር። ቆይታ ተነሣችና በሁለት እጇ አወረደችለት፤ ነጠላዋን አፈር ነካው። እናቶች እልል አሉ። እሱ እግሯ ሥር ወድቆ አለቀሰ፤ ለቅሶው የውሸት አልነበረም። እልልታው ሳይበርድ አንዱ ሽማግሌ «እንግዲህ ለጥር ይሁን?» አሉ። እምቢ ብትል ይቅርታዋ ከአንገት በላይ ሊመስልባት ነው። «እሺ» አለች። ስለ ገንዘቡ መጠየቅ ነውር መሰለና ማንም አላነሣውም። ከሠርጉ በኋላ በሽንኩርት ዋጋ የተጀመረ ጭቅጭቅ ሳይቀር ዞሮ ዞሮ እዚያ ገንዘብ ላይ ያርፍ ጀመር። እሱ «ይቅር ብለሽኝ የለም እንዴ?» ሲል እሷ መልስ ታጣለች። ተለያዩ። ያን ዕለት ድንጋዩ ወርዶ፣ ቡና ተጠጥቶ ሁሉም ወደየቤቱ ቢሄድ ኖሮ ትዳራቸው ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ለይቅርታ ብቻ ይሁን፤ ስለ ሠርግ እንደማይነሣ ለሽማግሌዎቹ አስቀድሞ ይነገር። በዳዩ በገዛ አፉ ይናዘዝ፦ ስንት ብር፣ ምን ላይ አዋለው፣ ከማን ጋር ሄደ። «ለተፈጠረው ነገር ይቅርታ» አይበቃም። የዛሬ ልጆች በቴሌግራም ድምፅ ልካችሁ ትታረቁና ማታውኑ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፤ ሰው ፊት መቆም የሚያሳፍረው ለበጎ ነው። ሽማግሌ ሲበዛ ደግሞ የልጅቷን አፍ ይዘጋል፤ ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ የእሷ የንስሐ አባት ይሁኑ፤ የእሱ ብቻ ከመጡ ሚዛኑ ያጋድላል።

ሁለተኛው ቀን የሂሳብ ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ ይቅር በለኝ ብሎ አላበቃም። የወሎ አበጋሮችም፣ የባህል አስታራቂዎቹ፣ ደም ሲያደርቁ ካሳን አይረሱም። የሐዋላ ደረሰኞቹን በየቀናቸው ደርድሩ፤ የውጭ ገንዘቡ በተላከበት ቀን ስንት ብር እንደነበር ጻፉ፤ በትክክል ሥራ ላይ የዋለውን ቀንሱ። የቀረው 180,000 ብር ቢሆን በወር 6,000 ብር በ30 ወር ያልቃል። ወረቀቱ ላይ «ዕዳ» ተብሎ ይጻፍ፣ እሱና ምስክሮች ይፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነን ብድር በምስክር ቃል ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ወረቀት ከሌለ ነገ «ስጦታ ነበር» ይባላል። በገንዘቧ የተገዛ ቦታ በስሙ ካለም ሳይጋቡ መፍትሔ ይበጅለት፤ ከጋብቻ በፊት የተያዘ ንብረት በሠርጉ ብቻ የጋራ አይሆንም። ሌላይቱን በሕግ አግብቶ ከነበረ የፍቺውን ውሳኔ በዓይናችሁ እዩ፤ ተክሊል ይሁን ወይስ ቀድሞ ላገባ የሚደረገው ጸሎተ መዓስባን የሚለውንም ካህኑን በጊዜ ጠይቁ።

እጁን ያነሣባት ሰው ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። እሱን ወደ ፖሊስ ነው የምትወስዱት።

ከዚያ ጠብቁ። ዮሴፍ ወንድሞቹ በእሱ ላይ ስላደረጉት ሲጸጸቱ ሰምቶ ዞር ብሎ አልቅሷል፤ ማንነቱን የገለጠው ግን ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ካለ በኋላ ነው። ከመስከረም እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ብዙ ያሳያል። ክፍያው ሳይጠየቅ ይመጣል? «ገና አልወሰንኩም» ስትለው ይታገሣል ወይስ ዘመድ ይልክባታል? ወር ከዘለለ ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ይጠይቁት። ሥራ አጥቶ ከሆነና ራሱ መጥቶ ከነገራቸው መጠኑን ቀንሱለት፤ ተደብቆ ከተገኘ ግን የሠርግ ቀን አትቁረጡ።