«በ37.6 በመቶ ቀነሰ» ወይስ «ወደ 37.6 በመቶ ቀነሰ»?

ጥያቄ፦ ስለ ስማርት ስልኮች ገበያ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ «እ.ኤ.አ. በ2010 ሲምቢያን በ37.6 በመቶ ቀነሰ» ብዬ ነበር። አርታኢው «በ»ን ሰርዘው «ወደ» አደረጉት። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አርታኢው ትክክል ናቸው። እንደ «ቀነሰ»፣ «ጨመረ» እና «አደገ» ካሉ ግሶች ጋር ቁጥር ሲመጣ፣ «በ» የለውጡን መጠን፣ «ወደ» ደግሞ ለውጡ የደረሰበትን ልክ ያመለክታል። የገበያ አጥኚው ጋርትነር ባወጣው አሃዝ መሠረት፣ አብዛኞቹ የኖኪያ ስማርት ስልኮች ይሠሩበት የነበረው ሲምቢያን በ2009 ከተሸጡት ስማርት ስልኮች የ46.9 በመቶው ስርዓተ ክወና ነበር፤ በ2010 ድርሻው 37.6 በመቶ ሆነ። እንግዲህ 37.6 የተረፈው እንጂ የጎደለው አይደለም፤ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ግን ከሲሶ በላይ እንደ ጠፋ ያስነብባል።

ይሁንና «ወደ» ብቻውን አያስተማምንም። «ወደ 30 ሰው መጣ» ስንል «30 ገደማ» ማለታችን ስለሆነ፣ በተለይ ቁጥሩ ድፍን ሲሆን፣ «ወደ 40 በመቶ ቀነሰ» የሚለው «40 በመቶ ገደማ ጎደለ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። መነሻውን በ«ከ» ማስቀደም ይህን ብዥታ ያስወግዳል። ልዩነቱን ለይቶ መጥቀስ የፈለገ ሰውም «በ9.3 በመቶ» ማለት የለበትም፤ ምክንያቱም 9.3 ከ46.9 አንጻር ሲሰላ 20 በመቶ ያህል ነው። «በ9.3 የመቶኛ ነጥብ» ማለት ይሻላል፤ አገላለጹ ለጆሮ ቢጎረብጥም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከመስተዋድዱ የባሰው ስሕተት ግን ባለቤቱ ላይ ነው፤ አርታኢው እንዴት እንዳለፉት ይገርመኛል። «ሲምቢያን ቀነሰ» ሲባል ምኑ ነው የቀነሰው? በዚያው የጋርትነር ሰንጠረዥ፣ የተሸጡት የሲምቢያን ስልኮች ከ81 ሚሊዮን ገደማ ተነሥተው ከ111 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። ሽያጩ አድጎ ሳለ ድርሻው ያነሰው ገበያው በጠቅላላ ከሲምቢያን ይልቅ ፈጥኖ ስለ ሰፋ ነው፤ አንድሮይድ ብቻውን በዚያ አንድ ዓመት ከ3.9 ወደ 22.7 በመቶ ተመንጥቋል። ስለዚህ «የገበያ ድርሻ» የሚለው ሐረግ ሊታለፍ አይገባውም፦ «እ.ኤ.አ. በ2010 የሲምቢያን የገበያ ድርሻ ከ46.9 ወደ 37.6 በመቶ ዝቅ አለ።»