ችግሩ አንቺ አይደለሽም፤ ሴሎቹ ናቸው

ለማስተርስ ጥናትሽ ከሴሊያክ (እንደ ስንዴ ባሉ እህሎች ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ታማሚዎች ደም ወስደሽ፣ ግሉተንን የሚለዩ ቲ ሴሎች (የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ሴሎች) ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ የሚለይና የሚቆጥር ማሽን) ላይ ብትፈልጊ ምንም አላገኘሽም። "ናሙናው ነው ወይስ እኔ?" ብለሽ ጠይቀሻል።

አይዞሽ እህቴ። ይሄው ነገር የኔንም ሰባት ወር በልቷል።

ሴሎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን ሲዲ4 ቲ ሴል (ግሉተን ለዪዎቹ የሚገኙበት ዓይነት) መሃል የምታገኚው በጣት የሚቆጠር ነው። ደሙን እንዳለ ማሽኑ ላይ ከጫንሽው ሁለት ሦስት ነጥብ ታያለሽ፤ ሴል ይሁን ቆሻሻ መለየት አትችይም። መጀመሪያ በቴትራመር (የዲኪው ሞለኪውልን ከግሉተን ቁራጭ ጋር የያዘ፣ የምትፈልጊያቸውን ሴሎች ብቻ የሚይዝ መለያ) አስይዘሽ፣ በማግኔቲክ ቢድ (በማግኔት የሚሳቡ ጥቃቅን እንክብሎች) አጥምደሽ አሰባስቢያቸው። ቴትራመሩ ደግሞ ከታማሚው ዘረመል ጋር መግጠም አለበት። አብዛኞቹ ዲኪው2 የሚባለውን የመከላከያ ሥርዓት ጂን የያዙ ናቸው፤ ከቀሩት የሚበዙት ዲኪው8። የማይገጥመውን ከተጠቀምሽ ባዶ ነው የምታይው።

እኔን ያሞኘኝ ግን ሌላ ነው። ሴሎቹን ለመቀስቀስ ተራ ግሊያዲን (የግሉተን አንዱ ክፍል) እጨምር ነበር። ምላሹ ደካማ ሲሆን ታማሚዎቹን ጠረጠርኩ! አንጀት ውስጥ ትራንስግሉታሚኔዝ 2 የሚባል ኤንዛይም አለ። የግሉተንን ግሉታሚን ወደ ግሉታሜት ይቀይረዋል፤ ዲኪው2 አጥብቆ የሚይዘው ይህንን የተቀየረውን ነው። ፔፕታይዱን (የግሊያዲኑን ቁራጭ) በኤንዛይሙ አስቀድሜ ባዘጋጀሁበት ቀን ውጤቱ ሌላ ሆነ። የታማሚዎቹ ፀረ እንግዳ አካል የሚያጠቃውም ይህንኑ ኤንዛይም ነው፤ በ1997 የታወቀ ነገር ነው፣ እኔ ግን አንብቤው ሥራዬ ላይ ረሳሁት።

ደም የምትቀጂበት ቀንም ወሳኝ ነው። ከግሉተን ርቀው የቆዩ ታማሚዎች ሦስት ቀን ግሉተን ሲበሉ፣ ሴሎቹ ደም ውስጥ በደንብ የሚታዩት በስድስተኛው ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ ቶሎ ይጠፋሉ። እኛ ስድስተኛው ቀን እሁድ ሆነብንና አርብ ዕለት ደም ቀዳን። ሰውየው ሦስት ቀን ሆዱን ታሞ የሰጠን ደም ሜዳ ላይ ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል። ይህ ሙከራ ያለ ሐኪም ክትትልና ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አይሞከርም፣ እሱን ሳልነግርሽ አልለፍ።

ባዮፕሲ (ከአንጀት የሚቆረጥ ትንሽ ናሙና) ማግኘት ከቻልሽ ይሻልሻል፤ አንጀት ውስጥ ብዛታቸው ከደም ይበልጣል። ብቻ ኤፒተሊየሙ (የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን) መሃል ያሉትን ሲዲ8 ሴሎች ከነዚህ ጋር እንዳትቀላቅያቸው። የአንጀቱን ሽፋን የሚገድሉት እነሱ ናቸው፤ የሚገፋፋቸው ግን ኢንተርሊውኪን 15 (የመከላከያ ሴሎችን የሚያነቃ መልእክተኛ ፕሮቲን) እና የሽፋኑ ሴሎች ሲጨናነቁ የሚያወጡት ምልክት ነው እንጂ ግሉተኑን ራሱን አይለዩም። እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ያሉት ጋማ ዴልታ የሚባሉ ቲ ሴሎች ደግሞ ታማሚው ግሉተን ካቆመ በኋላም ከፍ ብለው ይቆያሉ። ስለዚህ የጋማ ዴልታ ብዛት ብቻ ይዘሽ "በሽታው ንቁ ነው" እንዳትይ።

ማነጻጸሪያ ስትመርጪ ደግሞ ዲኪው2 ያላቸው ጤነኞችን ፈልጊ። ብዙ ሰው ጂኑን ይዞ አይታመምም፤ ጂኑ ከሌለው ሰው ጋር ብታነጻጽሪ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አታውቂም።

የቴትራመርሽን ዓይነትና ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደቀዳሽ ጻፊልኝ፣ ከዚያ እናያለን።