ኮድ መጻፍ ካልወደድኩ ሲስተም አናሊስት ልሁን?

ጥያቄ፦ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኮድ መጻፍ እችላለሁ፤ ግን ብዙም አልወደውም። መምህራኖቼ «ሲስተም አናሊስት ብትሆኚ ይሻልሻል» ይሉኛል። ሥራው በተግባር ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ ሰነድ መጻፍ ብቻ ይመስለኛል። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሰነዱን በደቂቃ በሚጽፍበት ዘመን ሙያው ይቀጥላል? ለተግባር ልምምድም ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ። አንዱ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቴስተር፣ ማለትም የተሠራው ሶፍትዌር በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሰው መሆን ነው። ሌላው አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ድጋፍ ክፍል ነው። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነድ ትጽፊያለሽ፤ ብዙም ትጽፊያለሽ። ደሞዝ የሚከፈልሽ ግን ሰነዱ ከመጻፉ በፊት ለምትሠሪው ነው። አንድ ድርጅት ሥራውን በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ ታጣሪያለሽ። ከዚያ አዲሱ ሲስተም ምን ማድረግ እንዳለበት ከሰዎቹ ጋር ትስማሚያለሽ። ይህን በምሳሌ ባሳይሽ ይሻላል።

እስቲ አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት እናስብ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውሽ «የመጋዘን ሪፖርት ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ፈጣን ሲስተም ሥሩልን» ይሉሻል። ቢሮ ቁጭ ብለሽ ሪፖርት ቶሎ የሚያወጣ ፕሮግራም ማሰብ ትችያለሽ። አናሊስት ግን መጋዘን ትወርዳለች። የመጋዘን ኃላፊውን «ዕቃ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» ብለሽ ስትጠይቂያቸው መመሪያው ላይ ያለውን ይነግሩሻል። ዕቃው ይቆጠራል፣ የገቢ ደረሰኝ ይሞላል፣ ደረሰኙ ወደ ሂሳብ ክፍል ይሄዳል። እዚህ ላይ አመስግነሽ ከወጣሽ ሥራሽን አልሠራሽም። መኪና ሲራገፍ ቆመሽ ማየት አለብሽ።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ታያለሽ። ለካ 100 ካርቶን ታዝዞ 80 ብቻ ሲመጣ ጉድለቱ ፎርሙ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ኃላፊው የመጣውን በደብተራቸው ይይዙትና ቀሪው 20 እስኪገባ ደረሰኙን ሳይሞሉ ያቆዩታል። ሪፖርቱን ያዘገየው ይህ ነው። በዓለም ላይ አለ የተባለውን ፈጣን ሲስተም ብትሠሪላቸው ሪፖርቱ ያው በዚያው ቀን ነው የሚወጣው።

ኃላፊው ሊዋሹሽ ፈልገው አይደለም። ሰው ሥራውን ሲለምደው ችግሩን በየት ዞሮ እንደሚያልፍ ራሱም አያስተውለውም። ለዚህ ነው ቃለ መጠይቅ ብቻውን የማይበቃው። ትጠይቂያለሽ፣ ቆመሽ ታያለሽ፣ ተሞልተው ያለፉ ፎርሞችንም ትሰበስቢያለሽ። ባዶ ፎርም ብዙ አይነግርሽም። የተሞላው ላይ ግን በኅዳጉ የተጨመረ ጽሑፍ፣ ሁሌ ባዶ የሚቀር ሳጥን፣ ተሰርዞ የተስተካከለ ቁጥር ታገኛለሽ። እነዚህ ናቸው ወርቁ።

ያ ደብተር ዳታቤዙን (ሲስተሙ መረጃ የሚያስቀምጥበትን ቋት) ሳይቀር ይለውጠዋል። አንድ ትዕዛዝ ብዙ ርክክብ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ባስተዋወቀው የኢንቲቲ ሪሌሽንሺፕ ዘዴ፣ ማለትም መረጃዎች እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት በሥዕል በሚያሳየው ዘዴ ስትስዪው «አንድ ለብዙ» የሚለው መስመር እዚያ ላይ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ለፈተና ያጠናሽው መስመር ከመኪና ማራገፊያ ነው የመጣው።

ሙያው ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። ላየንስ የሚባለው የእንግሊዝ የዳቦና የሻይ ቤት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ሊዮ የተባለውን ኮምፒውተር ለራሱ የንግድ ሥራ ማዋል ጀመረ። ኮምፒውተር በመደበኛነት ለንግድ ሥራ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሥራው ለማሽኑ እንዲስማማ በዝርዝር ካጠኑት ሰዎች ዋናው ዴቪድ ካሚነር ነበሩ። ከዚያ በፊት የድርጅቱን የቢሮ አሠራር የሚያጠናውን ክፍል ይመሩ ነበር። ብዙዎች የመጀመሪያው የቢዝነስ ሲስተም አናሊስት ይሏቸዋል። ወደ ኮምፒውተሩ የመጡት ሥራውን አውቀው ነው።

ይህ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት ታሪክ ያሳያል። አምቡላንሶችን በኮምፒውተር የሚያሰማራ ሲስተም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1992 ሥራ ጀመረ። ሲስተሙ የእያንዳንዱ መኪና ቦታና ሁኔታ ሁልጊዜ በትክክል ይደርሰኛል ብሎ የተሠራ ነበር። በተግባር ግን ሬዲዮ የማይይዝበት ቦታ አለ፤ በጥድፊያ ላይ ያለ የአምቡላንስ ሠራተኛም ያለበትን ሁኔታ የሚያሳውቀውን ቁልፍ ሳይጫን ወይም ተሳስቶ ተጭኖ ያልፋል። መረጃው ሲዛባ ስምሪቱም ተዛባ። አምቡላንሶች ዘገዩ፣ ለአንድ ጥሪ ሁለት መኪና የሄደበትም ነበር። በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው የወረቀት አሠራር ተመለሱ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ካነሳቸው ችግሮች አንዱ በሲስተሙ የሚሠሩት ሰዎች በዝግጅቱ ላይ በበቂ ሁኔታ አለመሳተፋቸው ነው። ይህን ታሪክ ፈልገሽ በሙሉ እንድታነቢው አጥብቄ እመክርሻለሁ። የአናሊስት ሥራ የሰው ሕይወት ጋር ሊደርስ ይችላል።

ወደ ዕለት ተዕለቱ ሥራ ልመለስ። የሰማሽውን ወደ ሪኳየርመንት፣ ማለትም ሲስተሙ ሊያደርገው የሚገባውን ወደሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ትቀይሪያለሽ። «ሲስተሙ ለአጠቃቀም ምቹ ይሁን» ብለሽ ብትጽፊ ማንም ሊሠራውም ሊፈትነውም አይችልም። «የመጋዘን ኃላፊው ከአንድ ትዕዛዝ በከፊል የመጣ ዕቃ መመዝገብ ይችላል፤ ሲስተሙ ቀሪውን ብዛት ያሳያል» ካልሽ ግን ፕሮግራመሩ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ቴስተሩም ምን እንደሚሞክር ያውቃል። ከዚያ የጻፍሽውን ለኃላፊው መልሰሽ ታነቢላቸዋለሽ። «አይ፣ አንዳንዴ እኮ ከታዘዘው በላይም ይመጣል» ቢሉሽ ደስ ይበልሽ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ያንን ስህተት ወረቀት ላይ ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው። ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ኮዱም፣ ዳታውም፣ የሰዎቹም ልማድ አብሮ መቀየር አለበት።

የአዋጭነት ጥናትም አለ። በቴክኖሎጂ ይቻላል ወይ? ወጪውን ይመልሳል ወይ? ሰዎቹስ ይጠቀሙበታል ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ ሰዎች ይዘሉታል። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ «ለጊዜው ሲስተም አያስፈልጋችሁም፤ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ» ይሆናል። ይህን በድፍረት የሚናገር አናሊስት ለድርጅቱ ትልቅ ሀብት ነው።

ከባዱ ክፍል ሰዎችን ማስማማት ነው። ሽያጭ ክፍሉ ደንበኛው እንዳዘዘ ሽያጩን ይቆጥረዋል፤ ሂሳብ ክፍሉ ገንዘብ ሲገባ ነው የሚቆጥረው። ሁለቱም ለሥራቸው ልክ ናቸው። አንቺ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ሲስተም ውስጥ ማስገባት አለብሽ። ብቻሽን ከወሰንሽ አንዱ ወገን ሲስተሙን አይነካውም። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ፣ ልዩነቱን ሥለሽ አሳይተሽ፣ ውሳኔውን ሥልጣን ያለው ሰው እንዲሰጥና በጽሑፍ እንዲያዝ ታደርጊያለሽ። «ሲስተሙ ሲመጣ እኔ ልባረር ነው» ብሎ የሚፈራሽ ሠራተኛም ይገጥምሻል። የማታውቂውን ነገር ቃል አትግቢለት። ለምን እንደመጣሽ በቀጥታ ንገሪው።

አሁን ስለ ኮዱ። አለመውደድ እና መፍራት ይለያያሉ። የሌላ ሰው ኮድ አንብበሽ የምትረጂ፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ መጻፍ የሚሰለችሽ ከሆነ ይህ ሙያ ይስማማሻል። ከኮድ ለመሸሽ ብለሽ ከሆነ ግን አይሆንም። ፕሮግራመሮቹ «ይህ ሦስት ወር ይፈጃል» ሲሉሽ ለምን እንደሆነ ካልገባሽ መሃል ላይ መልእክት ተቀባይ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ቢያንስ ኤስኪውኤል የሚባለውን፣ ከዳታቤዝ መረጃ የሚጠየቅበትን ቋንቋ በደንብ እወቂ። ድርጅቱ «እንዲህ ነው የምንሠራው» ያለሽን ነገር ከራሱ ዳታ ጋር ማመሳከር የምትችይው በእሱ ነው።

ሥራ ስትፈልጊ በመጠሪያው ብቻ አትፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአጃይል ማኒፌስቶ የተባለው የሶፍትዌር አሠራር መግለጫ ከወጣ ወዲህ ብዙ ቡድኖች ሲስተሙን በትንንሽ ክፍል እየሠሩ፣ ለተጠቃሚ እያሳዩ ነው የሚሄዱት። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ የአናሊስቱን ሥራ ቢዝነስ አናሊስት ወይም ፕሮዳክት ኦነር (ቀድሞ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው) የሚባል ሰው ይዞት ታገኛለሽ። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ያው ፕሮግራመሩ ይሠራዋል።

ኤአይን በተመለከተ፣ የስብሰባ ማስታወሻ ሰጥተሽው ረቂቅ ሰነድ ያወጣልሻል። ተጠቀሚበት። ያልተነገረውን ግን ከማስታወሻው ውስጥ አያገኘውም፤ ደብተሩን ያላየ ሰው የጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ደብተሩ የለም። እንዲያውም አሳምሮ ስለሚጽፍ ክፍተቱ ይሸፈናል፤ ይህ ያሳስበኛል። ሥራቸው የሌላውን ቃል ወደ ሰነድ መገልበጥ ብቻ የሆነ ሰዎች በእርግጥ ይቸገራሉ።

ከመመረቅሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ልትደርሺበት የምትችይውን አንድ ትንሽ የሥራ ሂደት ምረጪ፤ ለምሳሌ የትምህርት ክፍልሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያውስበትን። አስፈቅደሽ ተመልከቺ። አሁን እንዴት እንደሚሠራ ሳዪ፣ ዳታውን ሳዪ፣ ሊፈተኑ የሚችሉ ሪኳየርመንቶች ጻፊ፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አሳዪያት። የሰጠችሽን እርማትና ከእርማቱ በኋላ የቀየርሽውን አብረሽ አስቀምጪ። ቀጣሪ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠይቅሽ ይህን አሳዪው። ሲቪሽ ላይ «ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ» ከማለት እጅግ ይበልጣል። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንም በዚሁ ቅደም ተከተል ሥሪው። ብዙ ተማሪዎች ኮዱን ጨርሰው ነው የትንተና ምዕራፉን የሚጽፉት፤ ያንን አታድርጊ።

የልምምድ ቦታውን በተመለከተ፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ቴስተር ብትሆኚ ያልተሟላ ሪኳየርመንት ምን እንደሚያስከትል በዓይንሽ ታያለሽ። እኔ ግን ድጋፍ ክፍሉን ምረጪ እላለሁ። ሲስተሙን ቀን ከሌት የሚጠቀሙት ሰዎች እዚያ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ከእነሱ ጋር ብዙ አልዋልሽም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተደጋግመው የሚመጡ ጥሪዎችን መዝግቢ፤ ማን ደወለ፣ ምን ሊሠራ ሲል ተቸገረ፣ ችግሩን በምን ዘዴ አለፈው። ልምምዱ ሊያልቅ ሲል አለቃሽን ቀጠሮ ጠይቂና ከመዘገብሽው ውስጥ አንዱን እስከ ምንጩ ተከትለሽ ያገኘሽውን አቅርቢላቸው።