«አስቀምጥ» ወይስ «ያስቀምጡ»?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ለሱቆች የሚሆን የሂሳብ መያዣ አፕ በኤሌክትሮን (በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ የኮምፒዩተር አፕ መሥሪያ) እየሠራን ነው። ቁልፎቹ ላይ «አስቀምጥ» እንበል ወይስ «ያስቀምጡ»? አንዳንዶቻችን ደንበኛን አንተ ማለት ነውር ነው እንላለን። ደግሞ አፑ «ሃና ፋይል ልኳል» እያለ አስቸግሮናል።

መልስ፦ «አስቀምጥ» በሉ። ቁልፉን ሲጫን የሚያዘው ደንበኛው ነው፤ ታዛዡ ኮምፒዩተሩ ነው። ለኮምፒዩተር አንቱታ አያስፈልግም። አፑ ራሱ ሰውን ሲያናግር ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ»፣ «ለውጡን አላስቀመጡም»። እዚህ ጋ አንቱታው ከአክብሮትም በላይ ይጠቅማችኋል። «አስገባ» ወይስ «አስገቢ» ከሚለው ጣጣ ያወጣችኋል። «ማስቀመጥ» የሚሉም አሉ፤ ስህተት አይደለም፣ ለቁልፍ ግን ጉልበት ያንሰዋል።

ትልቁ ጉዳይ የሃና ነው። የኤሌክትሮን አፕ ውስጡ ድረ ገጽ ነው፤ የክሮም ብራውዘር መሠረት የሆነውን ክሮሚየምን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ኤሌክትሮን እ.ኤ.አ. በ2013 ጊትሃብ በተባለው ኩባንያ ውስጥ አተም ለተባለው የኮድ መጻፊያ ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። ጽሑፉን የድረ ገጽ የኮድ ቋንቋ የሆነው ጃቫስክሪፕት ይገጣጥመዋል፦ ስሙ ከአንድ ቦታ፣ «ፋይል ልኳል» ከሌላ ቦታ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ይህ ችግር የለውም፤ ግሡ በጾታ አይለወጥም። የእኛ ግሥ ግን ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው፦ ልኳል፣ ልካለች፣ ልከዋል። አፑ የሃናን ጾታ ከየት ያውቃል? ለዚህ ብላችሁ ደንበኛን ጾታ አትጠይቁ። ዓረፍተ ነገሩን አዙሩት፦ «ከሃና ፋይል ደርሶዎታል»። አሁን ባለቤቱ ፋይሉ ነው፤ ላኪው ማንም ይሁን ግሡ አይናወጥም።

«ፋይሉን» ውስጥ ያለችው ተሳቢ አመልካች «ን»ም ያው ናት። በላቲን ፊደል በተጻፈ የፋይል ስም ጭራ ላይ «ን» ስትለጥፉ የስሙ ክፍል ይመስላል። «ይህ ፋይል ይሰረዝ?» ብላችሁ ስሙን ከሥር ለብቻው አስቀምጡት።

ቁጥርም ላይ ተጠንቀቁ። «ከ1 ውጭ ያለው ሁሉ ብዙ ነው» ብላችሁ ኮድ ከጻፋችሁ «0 ፋይሎች» ይወጣል። የፊደላትን የኮምፒዩተር ደረጃ የሚያወጣው ዩኒኮድ በሚያዘጋጀው የቋንቋዎች መረጃ አማርኛ 0ን ከ1 ጋር ይመድባል፤ ፕሉራልሩልስ የሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያም ይህንኑ ይከተላል። ስለዚህ «0 ፋይል»፣ «1 ፋይል»፣ «5 ፋይሎች»። «5 ፋይል» ብትሉም አልቃወምም፤ አምስት ብር እንላለን እንጂ አምስት ብሮች አንልም። ግሡ ግን ይከተል፦ «5 ፋይል ተሰርዟል»፣ «5 ፋይሎች ተሰርዘዋል»።

ኤሌክትሮንን ስታወርዱ ሎካልስ የሚል ፎልደር ውስጥ የአማርኛ ፋይልም አለ። እሱን አይታችሁ ትርጉሙ አልቋል እንዳትሉ። የክሮሚየም የራሱ ጽሑፍ ነው፤ የእናንተን ሜኑ አይነካም። ሮል (እንደ «ቅዳ» ያለ ኤሌክትሮን የሚያውቀው ዝግጁ ተግባር) ብቻ ሰጥታችሁ የተዋችሁት የሜኑ መስመር በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሌብሉን፣ ማለትም የሚታየውን ጽሑፍ፣ ራሳችሁ በአማርኛ ጻፉለት።